ፊልም አሳይቶ ሰው ማከራከር፦ ከአቦል እስከ በረካ

ፊልም ሲያልቅ «እንዴት ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አሪፍ ነው» ትባላላችሁ፤ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ሰው የልቡን የሚያወጣው «እስቲ ፍረድ» ሲባል ነው።

እኔ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ። አንዳንድ እሁድ የስፌት መኪናዎቹን ጥግ አስይዘን፣ አቡጀዲ ወጥረን፣ በኪራይ ፕሮጀክተር ፊልም እናያለን። ሠራተኞቼ አሉ፣ ጎረቤት አለ፣ ሱሪ ሊወስድ መጥቶ በዚያው የቀረ ደንበኛም አይጠፋም። ለእንዲህ ያለ ስብስብ ከመድረክ ተውኔት የተሠራ ፊልም የሚያህል የለም። ሰው ይናገራል፣ ሰው ይዋሻል፣ ሰው ይጋለጣል። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ለጀማሪ የምመክረው «አን ኢንስፔክተር ኮልስ»ን ነው። የእንግሊዛዊው ጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ተውኔት ነው። የሚገርመው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የወጣው በ1945 በሶቪየት ኅብረት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ታሪኩ ደግሞ በ1912 ነው። አንድ ፋብሪካ ያለው ሀብታም የልጁን መታጨት ምክንያት አድርጎ ከቤተሰቡ ጋር እራት ላይ ሳለ መርማሪ ፖሊስ ይመጣል። ኢቫ ስሚዝ የምትባል ወጣት መርዝ ጠጥታ ሞታለች ይላል። አንድ በአንድ ሲጠይቃቸው ሁሉም እጃቸው አለበት። በ1954 የተሠራው ጥቁርና ነጭ ፊልም 80 ደቂቃ ገደማ ነው፤ መርማሪው አላስተር ሲም ነው። ቢቢሲም በ2015 ከዴቪድ ቲውሊስ ጋር ሠርቶታል። እኔ አሮጌውን እመርጣለሁ። የሲም ፊት ብቻውን ያስፈራል።

መጀመሪያ ድምፁን አስተካክሉ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ከጀመረ ማንም ማንንም አይሰማም። የድብድብ ፊልም ቢሆን ግድ የለም፤ እዚህ ግን አንድ ንግግር ካመለጠ ነገሩ ይምታታል። ስለዚህ በበጋ ይሁን፣ ወይም ከሰዓት ሳይደምን። ላፕቶፑ ጢም ብሎ ቻርጅ ይደረግ፤ መብራት ከሄደ ተጠጋግቶ መጨረስ ይቻላል። እንግሊዝኛው ለሚከብዳቸው አንድ ሰው በየማቆሚያው ባጭሩ ይንገራቸው። ፊልሙ እየሄደ ማስተርጎም ሁለቱንም ያሳጣል። ክርክሩ በአማርኛም በኦሮምኛም ይሁን። እኛ ጋ ሲናደድ ቋንቋ የሚቀይር ሰው አለ፤ እንዲያውም ያኔ ነው እውነቱን የሚናገረው።

ተውኔቱ ሦስት ገቢር ነው፣ ቡናውም ሦስት ነው። ቡናው ፊልሙ ሳይጀመር ተቆልቶ ተወቅጦ ይለቅ፤ ሙቀጫ ካለ ፊልም የለም።

አቦል ላይ፣ አባትየውና ልጁ ሺላ ተጠይቀው ሲያበቁ፣ አቁሙት። አባትየው ኢቫን ያባረራት በሳምንት 22 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ የነበረው ደሞዝ 25 ሺሊንግ ይሁንልን ብላ ከጓደኞቿ ጋር አድማ ስለመታች ነው። ሺላ ደግሞ መደብር ውስጥ የማያምርባትን ስትለካ ኢቫ ፈገግ ያለችባት መስሏት አስባረረቻት። ጥያቄው ቀላል ነው፦ ማን ይብሳል? ልብስ ስፌት ቤት ስለሆነ ነው መሰለኝ፣ እኛ ጋ እዚህ ላይ እሳት ይነሳል። አንዷ ሠራተኛዬ «አባትየው ለብሩ ነው፤ እሷ ግን በመስታወቱ ተናዳ ሰው ቀጣች» አለች። አንድ ደንበኛ ሺላ ቶሎ አምና ተጸጽታለች ብሎ ተሟገተላት። «መጸጸቷ ለሟች ምን ያደርግላታል?» አሉት። ቡናው ቀዘቀዘ።

ቶና ከእናትየው በኋላ ነው። እሷ ላይ ጊዜ አታጥፉ፤ ሁሉም ይረግማታል። ጥያቄው ስለ ሺላ እጮኛ ስለ ጄራልድ ይሁን። ኢቫን ማረፊያ ሰጥቶ፣ አብልቶ፣ ሲበቃው ተዋት። ወንዶቹ «ቢያንስ ሜዳ ላይ አልጣላትም» ይላሉ። ሴቶቹ የሚመልሱትን እዚህ አልጽፈውም። መርማሪው ራሱ ለጄራልድ ትንሽ ይራራል፤ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ደስ አሰኝቷታል ይላል። «መርማሪው ተሳስቷል ወይ?» በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ።

በረካ የግድ ከመጨረሻው የስልክ ጥሪ በፊት ይሁን። ቤተሰቡ እንዲህ ያለ መርማሪ እንደሌለ አጣርቷል፤ ሆስፒታሉም የሞተች ልጅ አልመጣችም ብሏል። ሊሳሳቁ ነው። «ማንም ካልሞተ ማንም አላጠፋም?» ብላችሁ እጅ አስወጡ። ስልኩ ከጮኸ በኋላ ሁሉም ቀድሞ ያወቀ ይሆናል፤ መጨረሻውን ለማንም አትንገሩ።

ሲናገሩ ከታናሽ ጀምሩ። ጋሼ ከተናገሩ በኋላ ወጣቱ «ልክ ብለዋል» ከማለት ሌላ ምን ይላል? እኔም ቀጣሪ ነኝና መጨረሻ ነው የምናገረው። ደሞዝ ይጨመርልን የምትል ሠራተኛ ያለችበትን ፊልም ለሠራተኞቼ ማሳየቴን የሰማ ጓደኛዬ «አንተ ጤነኛ ነህ?» ብሎኛል።

ካለቀ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀሩ፦ ፊልሙ ያሳየው፣ መድረኩ ግን የደበቀው ምንድን ነው? በተውኔቱ ኢቫ አንድም ጊዜ አትታይም። መርማሪው ፎቶዋን የሚያሳየው ለአንድ ለአንድ ሰው ነው። ያሳያቸው የአንዲት ልጅ ፎቶ ይሁን የተለያዩ ልጆች፣ ማን ያውቃል? በሁለቱም ፊልሞች ግን ልጅቷ በአካል ትመጣለች፤ በሁሉም ትዝታ ውስጥ ያው አንድ ፊት ነው። ለእኔ ይሄ ጥርጣሬውን ገድሎታል። ጎረቤቴ እማማ ግን «ያላየኋትን ልጅ እንዴት ላልቅስላት?» ብለው አፌን አስያዙኝ። ከቤቱ ግማሹ ከእሳቸው ጋር ነው። አሁንም አልተስማማንም።

ቀጥሎ ሼክስፒርን ለምትሞክሩ፣ ጸጋዬ ገብረመድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን «ኦቴሎ» ፈልጉ። ከፊልሙ በፊት የመሐረቡን ትዕይንት ሁለት ሰው ጮክ ብሎ ያንብብ። ሴረኛውን ኢያጎን የሚያነበው አነጋገሩ ለስላሳ የሆነ ሰው ይሁን፤ ጯሂ ከሰጣችሁት ገና ሳይጀምር ይነቃበታል።