የባሕር ሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ አነባበብ፦ ብሪስቶል ቻናል

በእንግሊዝ ብሪስቶል ቻናል (በእንግሊዝና በዌልስ መካከል ወደ የብስ የሚገባ የባሕር ክፍል) ዳርቻ ከመውረድዎ በፊት፣ ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳየውን የዕለቱን ሰንጠረዥ ይመልከቱ። አንዳንዱ በግሪንዊች ሰዓት ብቻ ነው የሚታተመው፤ እንግሊዝ ሰዓቷን ወደፊት በምትገፋባቸው ወራት 1 ሰዓት ይደምሩ። 14:20 ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8:20 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ከጉድለት እስከ ሙላት 6 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። ጨረቃ በምድር ዙሪያ ስለምትጓዝ ሙላቱም ጉድለቱም በማግስቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል።

ውሃው እኩል አይወጣም፦ ከጉድለት በኋላ በ1ኛው ሰዓት በጉድለትና በሙላት መካከል ካለው የከፍታ ልዩነት 1/12፣ በ2ኛው 2/12፣ በ3ኛውና በ4ኛው 3/12 በየሰዓቱ፣ ከዚያ 2/12፣ 1/12። በዚሁ ዳርቻ ባለችው የወደብ ከተማ አቮንማውዝ ላይ ልዩነቱ 12 ሜትር ሲሆን በ3ኛውና በ4ኛው ሰዓት በየሰዓቱ 3 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃው ዝቅተኛ የሚሆንበት ሰዓት ሳይደርስ ይመለሱ። ጨረቃ አዲስ ወይም ሙሉ ከሆነች ከ1 ወይም 2 ቀን በኋላ ልዩነቱ ይበልጥ ይሰፋል።