እያደገ ባለ ገጠር መሬትን፣ ውሃንና የሌሊት ሰማይን የሚያሳጡ ስህተቶች

ከተማ ወደ ገጠር እየሰፋ ሲመጣ ለም መሬት፣ የጉድጓድ ውሃና ኮከብ የሚታይበት ሌሊት አብረው ይሸሻሉ። አመላለሳቸው ግን አንድ አይደለም። መብራቱ ከጠፋ ሰማዩ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። የተሟጠጠ የከርሰ ምድር ውሃ እስኪተካ የሰው ዕድሜ ላይበቃ ይችላል፤ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠርም በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት «መጀመሪያ እንልማ፣ ጥበቃው ይደርሳል» ማለት ነው። መንገድና የውሃ መስመር ከተዘረጋ በኋላ የመሬቱ ዋጋ ይንራል፤ ያን ጊዜ ጥበቃ ማለት ካሳ መክፈል ይሆናል። ጎርፍ የሚተኛበት ሜዳ፣ ረግረጉ፣ ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር የሚሰርግበት ቦታና ምርጡ የእርሻ መሬት በካርታ ተለይተው መታወቅ ያለባቸው መንገዱ ከመቀየሱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ስህተት በቅን ልቦና የሚሠራ በመሆኑ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ለእያንዳንዱ ቤት ሰፊ ቦታ ከተሰጠ ገጠርነቱ ይጠበቃል» ይባላል። እስቲ እናስላው። መቶ ቤቶች እያንዳንዳቸው 2 ሄክታር ቢይዙ 200 ሄክታር ያልቃል። ሁለት ሄክታር ለጓሮ ይበዛል፣ ለከብት ግጦሽ ያንሳል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ቤት የራሱ መንገድ፣ የራሱ ጉድጓድና የራሱ የደጅ መብራት ይኖረዋል። እነዚሁ መቶ ቤቶች በ20 ሄክታር ላይ ተጠጋግተው ቢሠሩ ግን 180 ሄክታር ሳይቆራረጥ ይተርፋል። የተረፈው መሬት ወደፊት ለግንባታ እንዳይውል፣ ባለቤቱ ቢለወጥም የሚጸና ሕጋዊ ውል ካልታሰረበት ትርፉ ጊዜያዊ ነው።

ውሃን በተመለከተ ዋናው ጥፋት ጉድጓድን እንደ ግል ንብረት ብቻ ማየት ነው። ፓምፕ ውሃ ሲስብ በዙሪያው ያለው የውሃ ወለል ዝቅ ይላል፤ ጥልቅ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ጥልቀት የሌለውን የጎረቤቱን ጉድጓድ ሊያደርቅ ይችላል። ሌላው ምድሩን በአስፋልትና በሲሚንቶ መድፈን ነው። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 1,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ያ ውሃ የሚሰርግበት ቦታ ካጣ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ያው መንደር በበጋ ውሃ ይቸገራል። ረግረግን «ባዶ ቦታ» ብሎ ማጠንፈፍም ከዚህ የተለየ አይደለም።

ስለ ሰማዩ ሲነሳ ብዙ ሰው ጉዳዩን የከዋክብት ተመራማሪዎች ቅንጦት ያደርገዋል። በሌሊት የሚበርሩ የእሳት እራቶች ግን የብዙ ዕፅዋትን የአበባ ብናኝ ከአበባ ወደ አበባ ያደርሳሉ፤ በመብራት ዙሪያ ሲሽከረከሩ የሚያድሩት ከዚህ ሥራቸው ተስተጓጉለው ነው። «ብርሃን በበዛ ቁጥር ደኅንነት ይጨምራል» የሚለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ዓይን የሚወጋ መብራት ከበስተጀርባው ያለውን ጨለማ ያጠቁረዋልና የቆመ ሰው እንኳ ላይታይ ይችላል። መብራቱ ከላይ ተሸፍኖ ወደ ታች ብቻ ቢያበራ፣ የቀለሙ ሙቀት (ብርሃኑ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ ማድላቱን የሚያሳየው ልኬት፤ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ ያደላል) ከ3,000 ኬልቪን ባይበልጥና ሰው ሲያልፍ ብቻ ቢበራ ይበቃል። ነጭና ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን በአየር ውስጥ ይበልጥ ስለሚበተን ሰማዩን የበለጠ ያደበዝዛል። ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚፈጀው የኤልኢዲ አምፖል ርካሽ ነው ተብሎ በአንዱ አሮጌ አምፖል ፋንታ ሦስት የሚተክል ሰው ደግሞ የቆጠበውን መልሶ አባከነ። በ2016 የታተመ የዓለም ካርታ እንዳሳየው ከሰው ልጅ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከሚኖርበት ቦታ ፍኖተ ሐሊብን፣ ማለትም በጨለማ ሰማይ ላይ እንደ ነጭ መቀነት የሚታየውን የከዋክብት ክምችት፣ ማየት አይችልም።

ዕድገትና ጨለማ አይስማሙም የሚል ካለ ወደ አሜሪካዋ ፍላግስታፍ ይመልከት። በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚለቀቁ መብራቶችን ደንብ አውጥታ ገደበች፤ በ2001 በዓለም የመጀመሪያዋ የጨለማ ሰማይ ከተማ ተብላ ዕውቅና አገኘች። ዛሬ ከ70 ሺሕ በላይ ነዋሪ አላት።

የመጨረሻው ስህተት ደንብ አውጥቶ አለመለካት ነው። የጉድጓዶችን የውሃ ከፍታ በየወሩ መመዝገብ፣ የረግረጉን ወሰን ማስፈር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት የሰማዩን ድምቀት መለካት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መዝገቡ ከሌለ ከአሥር ዓመት በኋላ አልሚውም ነዋሪውም «ድሮም እንዲህ ነበር»፣ «አልነበረም» እየተባባሉ ይከራከራሉ፤ ዳኛውም የሚፈርድበት ማስረጃ አያገኝም።