የጠፋው ስክሪን ተመለሰ

ለአጎቴ ሱቅ የዕቃ መቁጠሪያ በባሽ (በተርሚናል የትዕዛዝ ቋንቋ) ጽፌ ነበር። ከፕሮግራሙ ስወጣ ግን ቀድሞ ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ የነበረው ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ጥፋቱ የራሴው ነው፤ ስክሪን በሚያጸዳው ‹ክሊር› ትዕዛዝ እየጠረግኩት።

ትናንት ማታ የድሬ ሙቀት በረድ ሲል ቁጭ ብዬ ፈታሁት። ተርሚናሉ ሁለተኛ ስክሪን አለው። ፕሮግራሙ ሲጀመር ለተርሚናሉ ኤስኬፕ የተባለው ምልክት፣ ካሬ ቅንፍ ([)፣ ጥያቄ ምልክት፣ 1049፣ ትንሹ ‹ኤች› ይላካል፤ የጠቋሚው ቦታ ይቀመጥና ባዶ ገጽ ይከፈታል። ሲያልቅ ያንኑ በ‹ኤች› ፈንታ በትንሹ ‹ኤል› መላክ ነው፤ የድሮው እንዳለ ይመለሳል። የጽሑፍ ማረሚያው ቪምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቁጥር መሸምደድ ለሚሰለቸው ‹ቲፑት ኤስኤምካፕ› (መክፈቻው) እና ‹ቲፑት አርኤምካፕ› (መመለሻው) የተባሉ ትዕዛዞች አሉ።

ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ በኮንትሮል ሲ አቋረጥኩትና ባዶው ገጽ ላይ ተገትሬ ቀረሁ! መመለሻውን በባሽ ‹ትራፕ› ትዕዛዝ ‹ኤግዚት› ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲወጣ እንዲፈጸም፣ አሰርኩት። አሁን በየትም ብወጣ ይመለሳል፤ ፕሮግራምን በግድ በሚያጠፋው ‹ኪል ማይነስ 9› ካልተገደለ በቀር።