ሐዋሳ ዳር የሚያከራክሩን ሁለት ወፎች

ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ የሚመጣ ሰው ካሜራውን የሚያዞረው ወደ ትልቁ ወፍ፣ ወደ አባ ኮዳ ነው። አይፈረድበትም። እኔ ግን እንግዳ ይዤ ስወጣ የሚያጨቃጭቁን ጭቃው ላይ ጎንበስ ቀና የሚሉት ትንንሾቹ የውሃ ዳር ወፎች ናቸው። ውድ ሳንድፓይፐር (Wood Sandpiper) ናት ወይስ ግሪን ሳንድፓይፐር (Green Sandpiper)? ከዚህ በኋላ ባጭሩ «ውድ» እና «ግሪን» እላቸዋለሁ።

ሁለቱም ከነሐሴ ጀምሮ የሰሜን አውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው ይመጣሉ። ጀርባቸው ጠቆር፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው። ከምንቃር እስከ ጅራት ርዝመታቸው 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሲሆን ግሪን ትንሽ ደልደል ትላለች።

ብዙ ሰው መጀመሪያ እግሯን ያያል። የውድ እግር ወደ ቢጫ፣ የግሪን ወደ አረንጓዴ ያደላል። እውነት ነው፤ ግን ጭቃ የለበሰ እግር ምን ቀለም አለው? እግሩን ተዉትና ፊቷን እዩ። የውድ ነጭ ቅንድብ፣ ማለትም ከዓይኗ በላይ ያለው ነጭ መስመር፣ ዓይኗን አልፎ ወደ ኋላ ይዘልቃል። የግሪን ዓይኗ ጋ ሲደርስ ያበቃል፤ ዓይኗን ግን ነጭ ቀለበት ይከበዋል። የውድ ጀርባ ነጠብጣቡ ጎላ ያለ ነው። የግሪን ነጠብጣብ ደቃቅ ስለሆነ ከሩቅ ድፍን ጥቁር ትመስላለች።

ቁርጡ የሚለየው ሲበሩ ነው። እባካችሁ ጠጠር አትወርውሩባት! አንዱ ጀልባ ማስነሳቱ አይቀርም። ስትነሳ የክንፏን የታችኛውን ገጽ እዩ፦ ጥቁር ከሆነ ግሪን፣ ፈዛዛ ከሆነ ውድ ናት። ከጅራቷ ከፍ ብሎ ያለው ነጭ የሁለቱም ስለሆነ «ነጭ አየሁ» ብሎ መወራረድ አያዋጣም። ደግሞ በጠዋት ውጡ። ከተማው ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ከሰዓት በኋላ ፊት ለፊት ትመጣና የሁሉም ክንፍ ጥቁር ይመስላል። ያኔ ጆሯችሁን ተጠቀሙ፤ ውድ ሳሳ ባለ ድምፅ «ችፍ-ችፍ-ችፍ» ስትል፣ የግሪን ጥሪ «ትሉ-ዊት-ዊት» ዓይነት ነው፣ ዜማ አለው።

ቦታም ይረዳል። ውድ በጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ሣር ያለበት ረግረግ ላይ ሰብሰብ ብላ ትገኛለች። ግሪን ብቻዋን ቦይና ጠባብ ጅረት ትወዳለች። ሕግ ግን አይደለም፤ እኔ ቅንድቡን ሳላይ አልፈርድም።

ድንጋዩ ላይ ኋላዋን ያለማቋረጥ የምትነቀንቅ፣ ትከሻዋ ላይ ነጭ ገባ ያለባት ካጋጠመቻችሁ ደግሞ ሦስተኛ ናት፤ ኮመን ሳንድፓይፐር። ስትበር ከጅራቷ በላይ ያ ነጭ የላትም። እሷን ከክርክሩ አውጧት።