አደይ አበባ እያያችሁ ጉድጓድ አትግቡ፦ ከከተማ ወጥታችሁ ለምትሮጡ

መስከረም ሲጠባ የሰው ሁሉ ሯጭነት ይነሳበታል። ክረምቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ተጠቅልሎ የከረመው ሁሉ ታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ መሆኑ ትዝ ይለዋል። ከዚያ ቅዳሜ በጠዋት ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይይዝና ሱሉልታ ይወጣል። ደግ አደረገ። ከተማ ውስጥ ጭስ እየማጉ ከመሮጥ በስንት ጣዕሙ! ግን በየዓመቱ ጀማሪዎችን ይዤ ስወጣ የማየው ጥፋት ያው ነው። አገሩ ያምራል፣ ዓይን ጋራው ላይ ይቀራል፣ እግር ግን የት እንደሚያርፍ የሚነግረው የለም።

ክረምቱ በጳጉሜን አለቀ ብሎ ማሰብ

አላለቀም። መስከረምም ይዘንባል። ባይዘንብም የሱሉልታ ሜዳ የጠጣውን ውሃ እስኪጨርስ ጊዜ ይፈልጋል። አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ላዩ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ስትረግጡት ግን ከሥር ያለው ጭቃ ጫማችሁን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጥቂት እርምጃ እንደሄዳችሁ ሶሉ ላይ ሌላ ሶል ይበቅላል። ከዚያ ሣሩም ገለባውም እዚያ ላይ ይለጠፋል። በእንጨት ካልፋቁት አይለቅም። መስከረም ላይ ኮረኮንቹን ወይም የእንጦጦን ጫካ ያዙ። ሜዳውን ለኋላ አቆዩት።

የባሰው ደግሞ ጭቃው ሲደርቅ ነው። ክረምቱን ሙሉ ከብት የተመላለሰበት መንገድ በኮቴ ተበሳስቶ ይከርማል። የጥቅምት ፀሐይ ሲያርፍበት ያ ሁሉ ጉድጓድ እንዳለ ይጠነክራል፣ ዳር ዳሩም ሣር ያበቅልበታል። ከሩቅ ስታዩት ምንጣፍ ነው የሚመስለው። አንዷን ኮቴ ጎንበስ ብላችሁ እዩዋት። ጠርዟ ይቆርጣል፣ ጥልቀቷም የሯጭን ተረከዝ ውጦ ቁርጭምጭሚቱን ለማዞር ይበቃል። ብዙ የወለምታ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ነባር አትሌቶች ጫካ ውስጥ በሰልፍ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ ሆነው ሲሮጡ አይታችሁ ይሆናል። ለውበት አይደለም። ፊተኛው ጉድጓድ ወይም ጉቶ ሲያይ በእጁ ያሳያል፤ ኋለኛው ዓይኑን ከፊተኛው እግር ላይ አይነቅልም። የኔዎቹ ጀማሪዎች ግን አራት ሆነው ጎን ለጎን ይሰለፉና የትናንቱን ኳስ ይተነትናሉ።

ወለም ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ በዚያው ቀን ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ ያበጠ እግር አታሳሹ። በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ያዙበት፣ እግሩን ከፍ አድርጋችሁ አሳርፉት። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ ራጅ ተነሱ።

ሜዳው የማንም አይደለም ብሎ መግባት

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል።

ያ አረንጓዴ ሜዳ ባዶ መሬት አይደለም። የሚታጨድ ሣር ነው። ባለቤቱ ከብት እንዳይገባበት ክረምቱን ሙሉ ሲጠብቀው ከርሟል። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ያጭደዋል፣ ያደርቀዋል፣ ይከምረዋል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ላሉ ላም አርቢዎች ይሸጠዋል። ጠዋት ማኪያቶ ላይ የምትጨምሩት ወተት ከዚህ ሣር የመጣ ሊሆን ይችላል። እግር የረገጠው ሣር ይተኛል። የተኛ ሣር ለማጭድ አይመችም፤ እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል። እናንተ ግን አደይ አበባው መሃል ቆማችሁ፣ አንድ እግር አንስታችሁ፣ የምትሮጡ መስላችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ። መጀመሪያ አንዱ ይገባል። ከዚያ «ለእኔም አንሳኝ» ይመጣል። ከዚያ ቡድኑ በሙሉ። ከዚያ ደግሞ «ፀሐዩ ከጀርባ ሆነ፣ ከዚያ ማዶ ይሻላል»!

አንድ ጊዜ ጋቢ የለበሱ አዛውንት ዱላቸውን ይዘው መጡ። ሊቆጡ ነው ብለን ተሸማቀቅን። አልተቆጡም። የተረገጠውን ሣር በዱላቸው ጫፍ ቀና ሊያደርጉት ሞከሩ። ተመልሶ ተኛ። «ይሄን እንግዲህ ማን ይገዛኛል?» አሉን። ይቅርታ ብለን ወጣን፣ ሌላ የምንለው አልነበረም። ፎቶውን እንደሆነ መንገድ ዳር ቆማችሁ ብትነሱትም ያው አበባ ነው። የደረሰ ገብስና ጤፍ ውስጥ ስለሚያቋርጡት ጭራሽ ባልናገር ይሻላል።

ከውሻ መሮጥ

ከመንገድ ስትወጡ ውሻ ይመጣል። ሥራው ነው፣ ቤትና በግ ይጠብቃል። የሚሮጥ ነገር ደግሞ ያሳድዳል፤ ቀነኒሳም ብትሆኑ አታመልጡትም። ቁሙ። ጀርባችሁን አትስጡት፣ አትጩኹ። ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ከግቢው ራቁ። ካልተወ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በሉ። የአገራችን ውሻ ይህን ምልክት አሳምሮ ያውቃል፣ መወርወር አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። አካባቢው ላይ እረኛ ካለ ይጠራላችኋል።

ከነከሳችሁ ወይም ጥርሱ ከጫራችሁ ግን ቀልድ የለም። ቁስሉን ወዲያው በወራጅ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቡት። በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱና ክትባቱን ጀምሩ። «የጎረቤት ውሻ ነው፣ ጤነኛ ነው» ተብሎ ቤት አይዋልም። «የባህል መድኃኒት አስቀድሜ ልሞክር»ም አይባልም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም በሉት፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው።

መኪናን ከጀርባ ማድረግ

እኛ አገር መኪና በቀኝ ይነዳል። ስለዚህ ሯጭ ግራውን ይይዛል፣ የሚመጣውን ፊት ለፊት እያየ። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል፣ አያደርገውም እንጂ። የማያውቁት ሌላው ነው። ግራ ይዛችሁ ስትሮጡ፣ ከኋላ የሚመጣ ሚኒባስ ሲኖትራክ ልደርብ ሲል የሚገባው እናንተ ወዳላችሁበት መስመር ነው። ከጀርባችሁ። የጎጃም መንገድ ላይ ደግሞ ዳገትና ኩርባ ስላለ ደራቢው እናንተን ቀድሞ አያያችሁም። የሚያድናችሁ ጆሮ ነው። ሁለቱንም ጆሮውን በኢርፎን ደፍኖ የሚሮጥ ሰው ከእኔ ጋር አይወጣም። ሙዚቃ ካልሰማሁ አልሮጥም የምትሉ፣ ጂም አለላችሁ።

ጥቁር በጥቁር ለብሶ ሳይነጋ አስፋልት ላይ መውጣትም ያው ነው። ጎሕ እስኪቀድ ጠብቁ። እንጦጦ በኩል ከሆነማ ጅቡም ገና ቤቱ አልገባም።

በአንደኛው ኪሎ ሜትር መጨረስ

ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እንጦጦ አናቱ ላይ 3,000 ያልፋል። የአዲስ አበባ ልጅ እንኳ ልዩነቱ ይሰማዋል፤ ለአዲስ ዓመት ከዋሽንግተን የመጡ ዘመዶቻችሁንማ ተዉአቸው፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርምጃ ያሳልፉ። ሶምሶማው ልክ መሆኑን ማወቂያ ሰዓት አያስፈልግም። በመንገዱ ወተት ጭነው ለሚወርዱ ሰዎች «አካም ቡልታን» በሉ፣ መልሱን ስሙ፣ ዋቀዮ ይመስገን ብላችሁ ጨምሩ። ትንፋሽ ካጠራችሁ ፍጥነታችሁ በዝቷል። ሰላምታውም በነጻ አብሮ ተሰጠ።

የሰፈሩ ልጆች «ኃይሌ! ኃይሌ!» እያሉ ሲከተሏችሁ ደግሞ እሽቅድምድም አትግጠሙ። አንደኛ፣ በላስቲክ ጫማ ይቀድሟችኋል። ሁለተኛ፣ ወደ አስፋልቱ ይከተሏችኋል። ከረሜላም ሳንቲምም አትስጡ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሯጭ ባዩ ቁጥር መኪና መንገድ ላይ ይገባሉ።

ቀሪዎቹ ባጭሩ

የከብት መንጋ ሲገጥማችሁ በእርምጃ እለፉ፤ በላምና በጥጃዋ መሃል ግን በጭራሽ። እንጨት የጫነች አህያን በጠባብ መንገድ አትቅደሙ፣ ጭነቱ ከጎን ይወጋል።

የጥቅምት ብርድ ስትሮጡ አይሰማም። የሚይዛችሁ ላባችሁን ይዛችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ነው። ደረቅ ካናቴራና ሹራብ በቦርሳ ይኑር።

የመስቀል ማግስት ጠዋት፣ ሆዳችሁ ክትፎ ተሸክሞ፣ ዳገት አትሞክሩ።

ስለ ጫማ ስናገር «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አይደል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ፣ አዎ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። ደህና ጫማ ግዙ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። ጭቃ ሲጠጣ ደግሞ ከሰል አጠገብ አታድርቁት፣ ሙጫው ይለቃል። አጥባችሁ፣ ውስጡን በጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አስቀምጡት። ጋዜጣ የሚገዛ ሰው ከጠፋ የልጆቹ ያለቀ ደብተርም ይሠራል።