የስልክ ፎቶዎችን ከመጥፋት የሚያድን ቅጂ እንዴት ይዘጋጃል?

ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ሌላ ስልክ ሊገዛ ይችላል፤ ቅጂ ያልያዘላቸውን የሠርግና የክርስትና ፎቶዎች ግን የሚሸጥለት የለም። በፎቶግራፍ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው አሠራር እያንዳንዱ ፎቶ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ እንዲቀመጥና ከቅጂዎቹም አንዱ ከቤት ውጭ እንዲሆን ነው።

በመጀመሪያ ስልክዎን በገመድ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኙ። በካሜራው የተነሡት ፎቶዎች «ዲሲአይኤም» (DCIM) በተባለው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ፤ በቴሌግራም የመጡት ግን ለብቻቸው መፈለግ አለባቸው። መብራት ድንገት ቢጠፋ ወይም ገመዱ ቢላቀቅ ዋናው እንዳይጎዳ፣ «ከት» ሳይሆን «ኮፒ» ያድርጉ። ስልኩ ቀኑን የሚመዘግበው በአብዛኛው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ፣ የመስከረም 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ደመራን ፎልደር «2024-09-26 ደመራ» ብለው ቢሰይሙት ሁሉም በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረደራል።

ቀጥሎ ፎልደሮቹን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡ። ፍላሽ ለማመላለሻ እንጂ ለማኖሪያ አይመከርም፤ በተለይ ዋጋው ከልክ በላይ የረከሰ ከሆነ የተጻፈበትን ያህል መያዙ ያጠራጥራል። ሐሰተኛ ፍላሽ ሲሞላ ስህተት ሳያሳይ በቀድሞው ላይ ደርቦ ሊጽፍ ስለሚችል፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ፎቶው አልከፈት ሲል ነው። ስለዚህ ከመርካቶም ሆነ ከፒያሳ የገዙትን አዲስ ማከማቻ፣ ምንም ሳይጭኑበት፣ «ኤች2ቴስትደብልዩ» (H2testw) በተባለው ነፃ ፕሮግራም ይፈትሹት። ግልበጣው ሲያልቅ የፋይሎቹን ብዛትና መጠን ከዋናው ጋር ያስተያዩ፤ ከመካከልም ጥቂት ፎቶዎችንና ቪዲዮዎችን ከፍተው ይመልከቱ፤ ከዚያም ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡት፤ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ ላፕቶፑን ያገኘ ቫይረስ ያገኘዋልና።

ከቤት ውጭ የሚሆነው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ጎግል በነፃ የሚሰጠውን 15 ጊጋባይት ኢሜይልዎም ይጋራዋል። በጎግል ፎቶስ የሰረዙት ፎቶ ከስልኩም ጭምር ስለሚጠፋ፣ እርሱን ብቻ መተማመኛ ማድረግ አይገባም። በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ ደግሞ በ«ፋይል» መልክ ይላኩ፤ በ«ፎቶ» መልክ የተላከ ጥራቱ ይቀንሳል።

የኢንተርኔቱ ወጪ ለሚከብደው ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ይሻለዋል። ቤትዎ አራት ኪሎ ከሆነ ዲስኩን ሳሪስ ያለች እህትዎ ዘንድ ያኑሩት፤ ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ ጥየቃ ሲሄዱ አዲስ የተሞላውን አድርሰው የቆየውን ይዘው ይመለሱ። ከእጅዎ የሚወጣውን ዲስክ በይለፍ ቃል ይቆልፉት፤ ቃሉንም በዲስኩ ማኅደር ላይ አይጻፉት።