የሃሪኬን መንገድ ስንገምት የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ሃሪኬን የሚባለው የአትላንቲክ ከባድ አውሎ ነፋስ የሚበረታው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ ዘመድ ያለው ሰው ደውሎ «እንኳን አደረሳችሁ» ካለ በኋላ ወዲያው «ያ ነገር ወደ እናንተ ይመጣል እንዴ?» ይላል። ካርታ ከፍተን የራሳችንን ግምት የምንሰጥም ብዙ ነን። መገመቱ ክፋት የለውም። ግን ዓመት በዓመት ተመሳሳይ ስህተት አያለሁ።

ትልቁ ስህተት መስመሯን ማመን ነው። ማያሚ ያለው ብሔራዊ የሃሪኬን ማዕከል በሚያወጣው ካርታ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቅርጽ አለ፤ «ኮን» ይሉታል። አንዳንዴ በመሃሉ ቀጭን መስመር ያልፋል። ዓይናችን እሷ ላይ ይተከላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ቻርሊ የተባለው ሃሪኬን ሲመጣ መስመሯ ፍሎሪዳ ባለችው ታምፓ ከተማ አካባቢ ነበረች። ሃሪኬኑ ግን ቀድሞ ወደ ቀኝ ታጠፈና ኦገስት 13 ቀን በካዮ ኮስታ ደሴት በኩል ገባ። ከታምፓ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ነው። ፑንታ ጎርዳ ከተማ ክፉኛ ተጎዳች። ከተማዋ እኮ ኮኑ ውስጥ ነበረች፤ ማስጠንቀቂያም ወጥቶላት ነበር። በ2022 ደግሞ ኢያን ታምፓን ሲያስፈራራ ሰንብቶ ሴፕቴምበር 28 ቀን እዚያችው ደሴት ላይ ደረሰ። ሁለቱም ከደቡብ መጥተው የባሕሩን ዳርቻ ታክከው ነበር የሚጓዙት። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ትንሽ ቢታጠፍ፣ መሬት የሚነካበት ቦታ በጣም ይርቃል። ስለዚህ ግምት ስትሰጡ የከተማ ስም አትጥሩ። ከየት እስከ የት እንደሆነ ተናገሩ።

ኮኑንም ቢሆን የጉዳት ክልል አድርጎ የሚያይ አለ። ኮኑ የሚያሳየው የሃሪኬኑ መሃል የሚሄድበትን መንገድ ብቻ ነው። ስፋቱ የሚለካው ባለፉት አምስት ዓመታት በታየው የትንበያ ስህተት ነው። ከሦስት ጊዜ አንዱን ገደማ የሃሪኬኑ መሃል ራሱ ከኮኑ ይወጣል። ዝናቡና የባሕሩ ውሃ ደግሞ ኮን አያውቁም። በ2017 ሃርቪ የገባው ቴክሳስ ውስጥ ሮክፖርት ከተማ አጠገብ ነው፤ በጎርፍ የተጥለቀለቀችው ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው ሂውስተን ነበረች።

ሌላው ስህተት ከሞዴሎቹ፣ ማለትም የአየሩን ሁኔታ በኮምፒውተር ከሚያሰሉት፣ የሚወዱትን መምረጥ ነው። በ2012 ሳንዲ ወደ ኒው ጀርሲ እንደምትታጠፍ የአውሮፓው ሞዴል ሳምንት ገደማ ሲቀረው አሳየ። የአሜሪካው ለቀናት ወደ ውቅያኖስ ይወስዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓውን ብቻ የሚከተል ሰው በዛ። አንድ ሞዴል ግን አንድ ሐሳብ ነው። የሚሻለው፣ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ደጋግመው ያሰሉትን ማየት ነው፤ አውሮፓውያኑ 50 ጊዜ ያሰሉታል። መንገዶቹ ከተቀራረቡ ጥሩ። ለሁለት ከተከፈሉ «ለሁለት ተከፍሏል» በሉ። የብዙ ሞዴሎችን መንገድ አንድ ላይ የሚያሳየው፣ ስፓጌቲ የሚመስለው ካርታ ላይ ካሉት መስመሮች ደግሞ አንዳንዱ ሞዴልም አይደለም። ኤክስ ቲ አር ፒ የሚባለው «አሁን በያዘው አቅጣጫ ቢቀጥል» ማለት ብቻ ነው።

አውሎ ነፋሱ ገና መሃል ሳይኖረው መንገድ የሚያወጡለትም አሉ። ብዙ ሃሪኬን የሚጀምረው ከአፍሪካ በሚወጣ የአየር ሞገድ ነው፤ የአንዳንዱ መነሻ እስከ እኛ ተራሮች ይደርሳል። ገና ያልጠነከረ ነገር መሃሉ የት እንደሚሠራ ስለማይታወቅ የ10 ቀን ካርታው ጠዋትና ማታ ይለዋወጣል።

አውሎ ነፋሱ ላይ ብቻ ማፍጠጥም አይበጅም። የሚወስደው በዙሪያው ያለው ነፋስ ነው። አትላንቲክ ውስጥ ባለችው ቤርሙዳ ደሴት አካባቢ ያለው ከፍተኛ የአየር ግፊት ከሰፋ ወደ ምዕራብ ይገፋዋል፤ ከሳሳ ወደ ሰሜን ይታጠፋል። ጉልበቱም መንገዱን ይለውጣል። ደካማው በታችኛው ነፋስ ወደ ምዕራብ ይነዳል። የበረታው ግን ቁመቱ ስለሚረዝም የላይኛው ነፋስም ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ ኃይሉን የሳተ መንገዱንም ሊስት ይችላል።

የመጨረሻው የእኛው የሀበሾች ነው፤ ሰዓት። ሞዴሎቹ የሚጽፉት «ዜድ» በሚባለው ዓለም አቀፉ ሰዓት ነው። 12 ዜድ ማለት አዲስ አበባ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ፍሎሪዳ በእንቁጣጣሽ ሰሞን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ በሀበሻ አቆጣጠር። አንድ ጊዜ ታምፓ ላለች እህቴ «ነፋሱ 8 ሰዓት ላይ ይጀምራል» አልኳት። እኔ ከቀኑ 8 ማለቴ ነበር። እሷ የፈረንጁን የምሽት 8 መስሏት ውሃ መግዛቱን ለከሰዓት አቆየችው። ስድስት ሰዓት ጠፋባት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ስጽፍላት «በፈረንጅ» ወይም «በሀበሻ» ሳልል አልክም።